ለሌላ ሰው አባት

አባቴ የወደቀው በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው፤ ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ቆሞ፣ በጠራራ ፀሐይ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሲወድቅ አላለቀስኩም። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ እንደዚያች ሰዓት ኮርቼ አላውቅም።

ልቤ ድንጋይ ሆኖ አይደለም፤ የመሪጌታ ልጅ ስለነበርኩ ነው። የመሪጌታ ልጅ ሌሎች ልጆች የማያውቁትን ብዙ ነገር ታውቃለች፤ ሌሎች ልጆች የሚያውቁትን ተራ ነገር ደግሞ ታጣዋለች። አባቴ መሪጌታ መልካሙ ድጓውን ያስመሰከረው ጋይንት ቤተ ልሔም ነው። ከዚያ ወደ እስቴ ተሻግሮ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች የማርያም ደብር ሲያገለግል ኖረ። ከማኅሌት ሲመለስ አጠገቡ አስቀምጦ ስለ ቅዱስ ያሬድ ይነግረኝ ነበር። ያሬድ በንጉሡ ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ሳያውቀው እግሩን በጦር ወጋው፤ ያሬድም ተመስጦ ነበርና ደሙ እየፈሰሰ አልተሰማውም።

«ተመስጦ ላይ ያለን ሰው አይነኩትም፤» ይለኝ ነበር አባቴ። «ነፍሱ ሩቅ ናት። ብትነኪው ደንግጣ ትመለሳለች፤ ያየችውም ይጠፋባታል።»

እኔም አባቴ አንድ ቀን እንዲህ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ቀኑን ብቻ ነበር የማላውቀው።

ያን ዕለት ማለዳ እናቴ ጥምጥሙን ስታቀብለው ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «ፊትህ ልክ አይደለም። ዛሬ እንኳ ቁጭ ብለህ ዘምር፤» አለችው። ግራ ትከሻውን እያሸ ሳቀባት። «ጽዮን ቆማ እኔ ልቀመጥ?» አላት። እናቴ ማሬ በነገር የምትሸነፍ ሴት አልነበረችም፤ ያን ዕለት ግን መቋሚያውን አቀበለችው።

ታቦቱ ዞሮ በምዕራቡ በር ፊት ሲቆም ወረቡ ተጀመረ። አባቴ መሐል ሆኖ ይመራል። መቋሚያቸውን እያነሱ ጎንበስ ቀና ሲሉ እኔ ከሴቶቹ ፊት፣ መሬት ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ከበሮው መፍጠን ሲጀምር አባቴ ጸናጽሉን ወደ ላይ አነሳው፤ አልመለሰውም። ጉልበቱ ታጠፈ። በጎኑ ወደቀ፤ መቋሚያውም ተንከባሎ ከአንድ ዲያቆን እግር ሥር ቆመ።

ሁለት ቄሶች ሊያነሱት ጎንበስ አሉ። ያኔ የኔታ ወልደ ገብርኤል እጃቸውን ዘረጉ። የኔታ የአባቴ መምህር፣ የደብሩም ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ከተናገሩ የሚከተል ቃል የለም።

«ተዉት! አትንኩት! ተመስጦ ነው እኮ። አፉን አታዩትም? ይዘምራል!»

እውነትም አፉ ይንቀሳቀስ ነበር። ቆየት ብሎ ይከፈታል፣ አየር ይስባል፣ ይዘጋል። ደግሞ ቆየት ይልና ይከፈታል። ከኋላዬ አንድ እልልታ ቀለጠ። የእናቴ ነበር፤ የእሷን እልልታ ከመቶ ሴት መሐል እለየዋለሁ። ሴቱ ሁሉ ተቀበላት። ከበሮው ይበልጥ ደመቀ፤ ካህናቱ አባቴን መሐል አድርገው፣ እንዳይረግጡት እየተጠነቀቁ ዘመሩ። አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች እኔን ያዩኝ ጀመር። ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ አልኩ።

ዛሬ ነርስ ነኝ። ያ አፍ መክፈት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልቡ ድንገት የቆመ ሰው ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ መዝሙርም አይደለም፣ ትንፋሽ ተብሎም አይቆጠርም። በእነዚያ ደቂቃዎች አንድ ሰው ተንበርክኮ ደረቱን ቢጫነው ኖሮ፣ እልና እተወዋለሁ። ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ነበር በዚያ ግቢ፤ ሁሉም ይወደው ነበር።

ወረቡ አልቆ ታቦቱ ሲገባ አባቴ አልተነሳም። የኔታ መጥተው ግንባሩን ዳሰሱት። ከዚያ ጥምጥማቸውን አውልቀው እመሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

በቀብሩ ላይ ሰው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እንዲህ ያለ ሞት ለማን ተሰጠ! እያመሰገነ ኖረ፣ እያመሰገነ ሄደ!» እናቴ ይህን ቃል ሙጥኝ አለች። ሊያጽናናት የመጣ ሁሉ ሲደግምላት አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ፊቷን አልነጨችም፣ ደረቷን አልደቃችም። የተሰጣትን ክብር የተቀበለች ሴት ነበረች።

የአባቴ ታናሽ ወንድም አገኘሁ በመካነ ኢየሱስ የጤና ባለሙያ ነበር። ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰም። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ መጣና፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ ከእናቴ ጋር ብቻቸውን ተቀመጡ። እኔ ከጎታው ጀርባ ነበርኩ። የአዋቂ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው።

«እትዬ ማሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከወደቀ በኋላ አፉ ይንቀሳቀስ ነበር አሉኝ።»

«ይዘምር ነበር።»

«እንዴት አድርጎ? ቶሎ ቶሎ ነው ወይስ ቆየት እያለ?»

«ቆየት እያለ። ቀስ እያለ።»

አጎቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲበርድለት እንዲህ አለ፤ «ልቡ ነው የቆመው። መሣሪያ አለ እኮ፣ እትዬ! በሌላው አገር በየገበያው፣ በየመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ደረት ላይ ይለጠፋል፣ በኤሌክትሪክ ይመታዋል፤ ልቡ ይነሳል። በቃ ሞተ የተባለ ሰው ተነስቶ በእግሩ ይሄዳል። ሕዝቡን ለምኜም ቢሆን አመጣዋለሁ። የመልካሙን ነገር ሰው ፊት ቆሜ እናገርና አመጣዋለሁ።»

ከጎታው ጀርባ ጆሮዬን ወደ እነሱ አስጠጋሁ።

«አይሆንም፤» አለች እናቴ።

«እትዬ...»

«አይሆንም አልኩህ! መልካሙ በክብር ሄዷል። ተወው፣ ይረፍበት! ይህን ነገር ሁለተኛ በእኔ ቤት እንዳታነሳብኝ።»

እንግዲህ የእኔን ነገር ተመልከቱ። አልዓዛር በአራተኛው ቀን መነሳቱን አውቃለሁ። የጻድቅ ሰው ሥጋ እንደማይፈርስም አውቃለሁ፤ አባቴ ደግሞ ጻድቅ ለመሆኑ አገር መስክሯል። ስለዚህ መሣሪያው ትንሽ ቢዘገይ የሚያስቸግር ነገር የለም። አባቴን ከመነሳት የሚከለክለው ነገር አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እናቴ።

ለምን እንደማትፈልገው ሳስብ ሰነበትኩ። ሲያንኮራፋ ቤቱን ያናውጠዋል፤ እሱ ይሆን? የጎታውን ገብስ ለቆሎ ተማሪዎች እየዘገነ ሲሰጥ ትጣላው ነበር፤ እሱ ይሆናል ብዬ ወሰንኩ። ለገብስ ብላ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ብዬ አልጠራኋትም። የምታጎርሰኝን አልቀበልም። አውድማ ላይ ገብሱን ከገለባ ልትለይ ቆማ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አየሁና፣ ገለባ ገብቶባት ነው ብዬ ዞር አልኩ። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም፤ ነፋስ እስኪመጣ ነበር መንሹን ይዛ የቆመችው።

አጎቴ ሥራውን ጀመረ። ይርዳው የሚባል ወዳጁ አስተማሪ ነበር፤ ሁለቱ ሆነው በየገበያው፣ በየማኅበሩ ዞሩ። አንድ መሣሪያ ለመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ፣ አንድ ደግሞ ለገበያው ነበር ሐሳባቸው። ዲፊብሪሌተር የሚለውን ስም ማንም አልያዘላቸውም፤ ሰው «የልብ ማስነሻ» አለው። ችግሩ ሌላ ነበር። «ሞት ከእግዜር ነው፤ ማሽን ከእግዜር ይበልጣል እንዴ?» ይላቸዋል ገበሬው። ለዚህ መልሱ የአባቴ ታሪክ ነበር፤ እሱን ደግሞ እናቴ አጎቴን ከልክላዋለች። ቃሏን አክብሮ ዝም ብሎ ለመነ፤ ዝም ብሎ ለሚለምን ማን ይሰጣል?

አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው «መቼ ይመጣል?» አልኩት።

«ሕዝቡ ከሰጠ ከፋሲካ በፊት፤» አለኝ።

ከፋሲካ በፊት! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

የኔታ በነዚያ ሳምንታት ማስተማር ትተው ነበር። ጧት መጥተው ከአባቴ መቃብር ዳር ይቀመጣሉ፤ እስኪመሽ ዳዊት ይደግማሉ። ብቻውን እንዳይነቃ እየጠበቁት ነው ብዬ በጣም ወደድኳቸው። አንድ ቀን አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አይዞዎት፣ የኔታ። መሣሪያው ሲመጣ ይነሳል።»

ዳዊታቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት። ቆይተው «ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤» አሉ።

ምን እንዳጠፉ አልነገሩኝም፤ ትልቅ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። «እግዚአብሔር ይፍታዎት፤» አልኳቸው፣ ቄሶቹ እንደሚሉት። እጄን ሳሙት። የኔታ የልጅ እጅ ሲስሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በጥር መጨረሻ፣ እሑድ ቀን፣ በመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ሜዳ ትልቁ ጨረታ ሆነ። ሰው ያለውን ያመጣል፤ የመጣው ዕቃ በጨረታ ይሸጣል፤ ገዢው ደግሞ መልሶ ለጨረታው ይሰጠዋል፤ አንድ ጃንጥላ አሥር ጊዜ ሲሸጥ ይውላል። እናቴም መጥታለች። የባሏ ወንድም በጠራው ላይ መቅረት ነውር ስለሆነባት እንጂ ወዳ አልነበረም፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አድርጋ ከሴቶቹ ጫፍ ተቀመጠች። የኔታ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዶሮዬን አቅፌ ነው የሄድኩት። ፊደል ስለይ አባቴ የሸለመኝ ዶሮ ነበረች፤ ከእሷ በቀር የምሰጠው አልነበረኝም።

ሜዳው ቀዝቅዟል። ማር ወጣ፣ ሙክት ወጣ፤ ይርዳው ድምፁ እስኪሰለል ቢጮኽ የሚጨምር ጠፋ። ያኔ ወጥቼ ዶሮዬን ሰጠሁት።

«የመሪጌታ መልካሙ ልጅ ናት!» ብሎ ጮኸ። «ተመልከቱ፣ ወገኖቼ! መስከረም፣ እስቲ ለምን እንዳመጣሻት ለሕዝቡ ንገሪ።» ማይክራፎኑን ወደ አፌ ዝቅ አደረገው።

«አባቴ እንዲነሳ ነው፤» አልኩ። «እናቴ እንዲነሳ አትፈልግም። እኔ ግን እፈልጋለሁ።»

ድምፄ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ሜዳውን አልፎ፣ ከተማውንም ያለፈ መሰለኝ። የሳቀ የለም። አንዲት አሮጊት «እኔን! እኔን ልጄ!» አሉ። እናቴ ተነሳች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ነበር፤ አላስተካከለችውም። መጥታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች።

«መስከረሜ፣ አባትሽ አይነሳም።»

«መሣሪያው ሲመጣ...»

«ቢመጣም አይነሳም። እሱ ተቀብሯል፣ ልጄ። መሣሪያው የሚመጣው ለሌላ ሰው ነው።»

«ለማን?»

«እንጃ። ለሌላ ሰው አባት።»

ቀጥሎ ያልኩትን ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ያኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የታየኝ፤ የማላውቃት ልጅ፣ የማላውቀው አባት፣ የእኔ ዶሮ።

«እንግዲያው ዶሮዬን መልሱልኝ!» አልኩ። ማይክራፎኑ ክፍት ነበር።

ይርዳው አጎቴን አየው፤ አጎቴ መሬት መሬት ያያል። «መልስላት፤» አለች እናቴ። ዶሮዬን ተቀበልኩ። ከዚያ እናቴ ዞር ብላ ማይክራፎኑን ከእጁ ወሰደች። አያያዙን አታውቅበትም፤ በሁለት እጇ ጨብጣ ደረቷ ላይ አደረገችው። ቢሆንም ተሰማ።

«ሰዎች፣ ባሌ የሞተው ተመስጦ አይደለም። ልቡ ቆሞ ነው። ታሞ ወድቆ፣ አየር ጠፍቶት አፉን ሲከፍት እኛ ዘመርንበት። የመጀመሪያዋን እልልታ ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የተኛ ሰው፤ ማለዳ ፊቱ ልክ እንዳልነበረ አይቻለሁ። እኔ ሚስቱ ነበርኩ፤ ሮጬ ልነካው ይገባ ነበር። እልል አልኩበት። ይህ እንዳይነገር ከልክዬ ነበር። አገኘሁ ለምኖኝ እንቢ ብዬው ነበር። አሁን ተናግሬዋለሁ። ሰው ሲወድቅ ንኩት። እባካችሁ ንኩት።»

ያኔ ያልገባኝ ሌላም ነገር አለ። እናቴ «አትንኩት» ስላሉት ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የኔታ ከፊት ወንበር ላይ አንገታቸውን ሰብረው ስማቸውን ሲጠብቁ፣ እሷ ጥፋቱን ሁሉ ለብቻዋ ወሰደችው። እኔ የማውቀው እንደኮነንኳት ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለች ሴት እናቴ መሆኗን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ማሽን ምን ያደርጋል ያለ ሰው አልነበረም። ያላመጣው ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሄደ። አጎቴ ገለባ የተሞላ ጆንያ ሜዳው ላይ አጋደመና የወደቀ ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫን አሳየ። ሰው ተሰለፈ። መጀመሪያ የተንበረከኩት የኔታ ነበሩ፤ አጎቴ በቃዎት እስኪላቸው ጆንያውን ተጫኑት። እኔ ዶሮዬን አቅፌ ቆሜ አየሁ። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን።

መሣሪያው ከፋሲካ በፊት አልመጣም። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ፤ የመጣውም አንድ ብቻ ነበር። መናኸሪያው ትኬት ቤት ውስጥ ተሰቀለ፤ አጎቴም ተራ አስከባሪዎቹን አሠለጠነ። እኔም ስለ እሱ መስማት አቁሜ ነበር።

በዓመቱ፣ ዋለ የሚባል የስማዳ ሰው ከወገዳ መጥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሲጠብቅ ወደቀ። ይበልጣል የሚባል ተራ አስከባሪ ደረቱን ተጫነው፤ ሌላው መሣሪያውን አመጣ። ሰውየው ተነሳ። ከሆስፒታል ወጥቶ ሲያገግም፣ መሣሪያው ከየት እንደመጣ ጠይቆ፣ ማር ይዞ ከነልጁ ቤታችን ድረስ መጣ። ልጅቷ ፅጌረዳ ትባላለች፤ እኩያዬ ነበረች። የአባቷን ጋቢ ጫፍ ይዛለች፤ ሲቀመጥም አልለቀቀችውም።

ጓሮ ወጥቼ ገለባው ክምር ሥር ተቀመጥኩ። እናቴ ተከትላኝ መጣች።

«ምነው?» አለችኝ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። «ደስ አላለኝም፤» አልኳት። «ለምን የእሷ ተነሳ?»

ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። አጠገቤ ቁጭ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ትከሻዋን አልሸሸሁም።

«እኔንም ደስ አላለኝም፤» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«እውነቴን ነው። በር ላይ ሳየው ለምን አንተ አልኩ፣ በሆዴ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።» በነጠላዋ ጫፍ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ፊቷን ጠረገች። «በይ ተነሽ። እንግዶቹ እህል አልቀመሱም።»

«እሺ፣ እማዬ፤» አልኳት። ሰማችው፤ እጄን አጥብቃ ያዘችው።

ገባን። ጆጉን ሰጠችኝና ሰውየውን ላስታጥበው ፊቱ ተንበረከክሁ። ሁለት እጁን ዘረጋ፤ የገበሬ እጅ ነው፣ ጥፍሩ ሥር አፈር አለ። ከአንጓው ላይ የደም ሥሩ እየዘለለ ይታየኛል። ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል ውኃውን አፈሰስኩለት። እጁ ከጸዳ ቆየ፤ እኔ አላቆምኩም። ሰውየውም እጁን አልሰበሰበ፣ እናቴም በቃሽ አላለችኝ፤ ጆጉ እስኪያልቅ ድረስ አፈሰስኩለት።